የመጨረሻው ዓምድ

መዝገቡ ወፍራም ነው፣ ጀርባው በሸራ የተሰፋ፣
የወንዙን እርጥበት ጠጥቶ ሆዱ የተነፋ።
ስም፣ ክብደት በግራም፣ የመጡበት መንደር፣
ቀዶ ጥገናው የተሠራበት ቀን፤ ከዚያ በስተዳር
አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፣ «ውጤት» የምትል፣
ከሦስት ቃላት በቀር ሌላ የማትቀበል፦
ዳነ። ሞተ። አልተመለሰም።
ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኋት፤ አራተኛ ቃል አልጠየቀችኝም።

ኢኪቶስ ዝናቡ ሲከፋ፣ ወንዙ ገበያ ይገባል፤
በሽተኛው ከነጀልባው ደጃችን ላይ ይሰለፋል።
በእንዲያ ያለ ሌሊት ነው ኔሊዳ የመጣችው፣
ከናፖ ላይኛው ዳር፣ ሕፃኑን እንደታቀፈችው።
የመንደሩ አዋላጅ ንጹሕ ላስቲክ ጠቅልላበታለች፤
«ሳትነኪው አድርሺ፣ ብቻ እንዳይደርቅ» ብላታለች።

ሰው ሲያዝን «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል፤
ይህ ግን የምር አንጀት ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ይላወሳል፣
ቀይ፣ ያበጠ፣ ከእምብርቱ ጎን በቀዳዳ ወጥቶ፣
ቤቱን ጥሎ የሄደ፣ መመለሻው ጠፍቶት።
ሁለት ሺህ አንድ መቶ ግራም።
የአባት ስም፦ የለም።

ዶክተር ኡርኪያ የተዘጋጀ ከረጢት አልነበራትም፤
«ከሊማ ይመጣል» ከተባለ ዓመቱ ነው፤ አልጠበቀችም።
የሴረም ላስቲክ በመቀስ ከፍታ በሆዱ ዙሪያ ሰፋችው፣
ጫፉን በክር ወደ ላይ፣ ከማሞቂያው ጣሪያ ሰቀለችው።
ከዚያማ ሥራው የትዕግሥት ሆነ፦ በየጠዋቱ አንድ ጣት
ክሩን ዝቅ አድርጋ ታስራለች፤ አንጀቱም በራሱ ክብደት
እየሾለከ ይገባል፣ እንዳኮረፈ ልጅ እያመነታ፣
ማታ ሲሉት ጠዋት፣ ጠዋት ሲሉት ማታ።

ከጎኑ ባለው አልጋ የሮሳውራ ሴት ልጅ ነበረች፣
ጉሮሮዋ ከጨጓራዋ ሳይገናኝ የተወለደች።
ስፌቱ አልከዳትም፤ መብራትም አልጠፋም፤
በአምስተኛው ሌሊት ሳንባዋ ደከመ፤ ሌላ ምክንያት የለም።

ብዕሬን አንስቼ ሳለሁ አባትየው መጣ፣ ዊልመር፣
ሸሚዙ ላይ የደረቀ የዓሣ ቅርፊት ነበር።
«ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»
አሳየሁት። በስሟ ቦታ «የሮሳውራ ልጅ» ይላል።
«ስም አላት» አለኝ። «ሊሴት ናት።» ጣቱን ዓምዷ ላይ አኖረ፤
«ሊሴት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ሞተች»ን መጻፊያ ቦታ አልቀረ።
በወሩ መጨረሻ ዋናው ቢሮ ጠራኝ፦ «ይህ ምን ዓይነት ውጤት ነው?»
ስም ነው፣ አልኩ። ሌላ መልስ ከየት ላምጣው?

የኔሊዳ ልጅ ሆድ በዘጠነኛው ቀን ተዘጋ፤
በአርባ አንደኛው ቀን ጡት እየጠባ ወጣ።
«ከወር በኋላ መልሺው» አልናት፤
ጀልባው ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚፈጅ ግን ማንም አልጠየቃት።
ወሩ አለፈ። ሦስት ወር አለፈ።
«አልተመለሰም» ብዬ ጻፍኩ፤ ግን በእርሳስ።
ለምን እንደሆነ እንጃልኝ።

ስድስት ዓመት።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ መስኮቴ ላይ ተንጠለጠለ፣
የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። «የምትጽፈው እሷ ናት?» አለ።
ከኋላው ኔሊዳ፣ ለታናሽ እህቱ ክትባት የመጣች።
«እምብርቴን እዚህ ነው አሉ የወሰዱብኝ» ብሎ ሸሚዙን ገለጠ፦
በቦታው ቀጭን ጠባሳ፣ እንደተከደነ ዓይን።
ሌላው ሰው እትብቱ የተቀበረበት አገር አለው፤
ይህን ልጅ ምን ልበለው?

አሮጌውን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረድኩ፤
ላጲስ ከጎረቤት ቢሮ ተበደርኩ።
እርጥብ ወረቀት አይደል? ቃሉን ስፍቀው ዓምዷ ተቀደደች፤
«ዳነ» የምጽፍበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ብቻ ቀረች።

ልጁ ጣቱን ሰደደባት፣ በማዶው በኩል አወዛወዘው፣
«አገኘሁት!» አለ፣ «እምብርቴ ይኸው!»
እናቱ እጁን ቸብ አደረገችው።
ቀጣዩ ባለተራ መስኮቱን አንኳኳ።

ቀዳዳዋን እስካሁን አልለጠፍኳትም።